ቁልፍ አይላክም

ጻፊ ማሂ። እንደማወራው አድርገሽ ጻፊው እንጂ አታሳምሪው።

የዚያን ቀን ጠዋት ውሃ እየቀዳሁ ነበር። ቀራንዮ ውሃ በፈረቃ እንደሆነ ታውቂያለሽ። በመጣ ቀን ጀሪካን ያለው በጀሪካኑ፣ ባኞ ያለው በባኞው ነው። ጎማውን ከቧንቧው አገናኝቼ ስድስተኛውን ጀሪካን እየሞላሁ ሳለ አስካለ ከአጥሩ ማዶ ጠራችኝ።

«ዘነበች! ኧረ ዘነበች! ቁልፍሽን ይዘሽ ነይ!»

በእኛ እድር «ቁልፍሽን ይዘሽ ነይ» ከተባለ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ድንኳን ሊወጣ ነው ማለት ነው።

«ማነው?» አልኳት።

«የወይዘሮ አበሩ ልጅ።»

«የትኛዋ?»

«ስንት አላት ታዲያ? ትርሲት ናታ!»

ጎማው ከእጄ ወጣ። ግቢው ውሃ በውሃ ሆነ። አስካለ «ኧረ ውሃው! ኧረ ዝጊው!» ትላለች፣ እኔ እንደቆምኩ ቀረሁ። ሃያ ዓመት የዘጋሁት ቧንቧ በየት በኩል እንደሚዞር ጠፋኝ።

የእድሩ እቃ ቤት በሩ ብረት ነው፤ ሦስት ጓጉንቸር አለው። ሦስት ሴቶች ነን የምንይዘው፦ አስካለ አንዱን፣ ወይዘሮ ዘውድነሽ አንዱን፣ እኔ አንዱን። ሦስታችንም ካልመጣን ድንኳኑም አይወጣ፣ ብረት ድስቱም አይወጣ። ደግሞ ቁልፍ አይላክም። ድሮ አንዲት ባለቁልፍ እንግዳ መጣብኝ ብላ ቁልፏን በልጅ ላከች፣ ትልቁ ብረት ድስት የዚያን ቀን ወጥቶ በዚያው ቀረ። ማን ወሰደው? ልጁ አያውቅ፣ እሷ የለች። ከዚያ ወዲህ ባለቁልፏ በእግሯ ትመጣለች። እኔ አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዞኝ ሁለት ሴቶች ደግፈውኝ ሄጄ ከፍቻለሁ። እንዲህ ነው ሥርዓቱ።

የዚያን ቀን ቁልፉ አልገባ አለኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። አስካለ «ምነው ዛሬ?» አለችኝ። «ብርዱ ነው» አልኳት። ብርድ አልነበረም።

ትርሲትን የማውቃት በሰፈርም በሥራም ነው፤ በደንብ ያወቅኳት ግን በሥራ ነው። አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ የሥራ ተቋራጭ ቢሮ ነበር። እኔ እዚያ ሻይ አፈላለሁ፣ እወለውላለሁ። ያስገባኝ ጋሽ ደበበ ነው፤ የሕንፃ ፎርማን ነበር። አያትሽ ሲሞት፣ አራት ልጅ ይዤ የምይዘው የምጨብጠው ሲጠፋኝ፣ እጄን ይዞ ወስዶ «ይቺ ሴት ሥራ ታውቃለች» ብሎ አስቀጠረኝ። ይሄን ጻፊው፣ በኋላ ይመጣል።

ያኔ ሥራው ሁሉ የሚጻፈው ትልቅ ነጭ ሰሌዳ ላይ ነበር። ማን ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንዳለቀ፣ ምን እንደቀረ። አንድ ቅዳሜ እኔ ምን አውቄ፣ ቆሽሿል ብዬ በእርጥብ ጨርቅ ሙልጭ አድርጌ ወለወልኩት። ሰኞ ሰዉ ሲገባ ሰሌዳው እንደ በረዶ ነጭ ነው! አንዱ ራሱን ይዞ ይጮሃል፣ አንዱ ይስቃል። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ትርሲት ያኔ አዲስ ነበረች። ጓዳ ድረስ መጣች። ቀጭን ናት፣ መነጽሯን አናቷ ላይ ሰክታ መነጽሬ የት ሄደ እያለች የምትፈልግ ሴት ናት። «እማማ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» አለችኝ፣ «የሰሌዳው ነው። ለማየት ለመጣውም፣ ለመጻፍ ለመጣውም፣ ለመወልወል ለመጣውም እኩል ክፍት ነበር።»

ብዙም ሳይቆይ ሲስተም የሚሉት ነገር መጣ። ሰሌዳው ኮምፒውተር ውስጥ ገባ በይው። ሁሉም በኮምፒውተሩ፣ በስልኩ ያየዋል። የሲስተሙ ባለቤት ደግሞ ትርሲት ሆነች፣ አድሚን ይሏታል። ማን ማየት ይችላል፣ ማን መጻፍ ይችላል፣ ማን «ይሁን፣ ጸድቋል» ማለት ይችላል፣ ለያንዳንዱ ሰው ፈቃድ የምትሰጠው እሷ ናት።

አንድ ልማድ ነበራት። የአንድን ሰው ፈቃድ ልትነካ ስትል ጠረጴዛውን በጣቷ አንጓ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ታደርጋለች። «ምን እያደረግሽ ነው?» ስላት «የሰው ቤት ልገባ አይደል እማማ፣ ላንኳኳ እንጂ» ትላለች። የሌላው ሰው መሳቂያ ነበር። እኔ ደስ ይለኝ ነበር።

ሻይ ሳቀርብላት ታወራኛለች። ሰው ሁሉ ስኒውን ተቀብሎ ፊቱን ያዞራል፣ እሷ ግን ታወራኛለች። አንድ ቀን የእድራችንን የሦስት ቁልፍ ነገር፣ የብረት ድስቱን ነገር አጫወትኳት። ሳቋን ለቀቀችው፣ ከዚያ «እማማ፣ ይሄንኑ ነው የምሠራው» አለች። ሠራችውም። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው አይቶ ያረጋግጣል፣ ሦስተኛው «አለቀ» ብሎ ይዘጋል። የሠራው ሰው የራሱን ሥራ አለቀ ብሎ አይዘጋም። «ማየት አንድ ነገር ነው፣ መንካት ሌላ ነው፣ አለቀ ማለት ደግሞ ለብቻው ነው» ትል ነበር። አንዱ መሐንዲስ «አታምኚንም ማለት ነው?» ሲላት «የሚቆለፈው ሰው ስለማይታመን አይደለም፣ ሰው ስለሚደክመው ነው» አለችው። ይቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ለኔም ሰጠችኝ እኮ! አዎ፣ ለሻይ አፍይዋ። «እዚህ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በር ይኖረዋል» አለች። እንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ላይ ለኔ አንድ ነገር ብቻ አደረገችልኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መስኮቱን ሁሉ ዘግቼ፣ እቃ ግምጃ ቤቱን ቆልፌ ስጨርስ አንድ ክብ ነገር እጫናለሁ፣ አረንጓዴ ይሆናል። ፊደል አያስፈልገውም። «ሌላ ነገር ልንካ ቢሉ አይነካልዎትም፣ ስለዚህ አይፍሩ» አለችኝ። አልፈራሁም። በዕድሜዬ እንደዚያ ሳልፈራ የነካሁት ነገር የለም።

ችግሩ የመጣው በጋሽ ደበበ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሚንቶ ውስጥ የኖረ ሰው ነው። ሲስተሙ ላይ ሥራውን ያያል፣ የሠራውን ይጽፋል፤ ማጽደቁ ግን የልጅ መሐንዲሱ ነው። ጋሽ ደበበ ይሄን ሲያውቅ ፊቱ ጠቆረ።

«እኔ ያቆምኩትን ቤት ትናንት ጡት የጣለ ልጅ ነው ይሁን የሚለው?» አለ። «እኔ በመስኮት ልይ? እንደ ሌባ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰው ጋር ምሳ መብላት ተወ። ሻዬን ተወ። ለትርሲት ሰላምታ ነሳት፣ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጣት። ቢሮው ጨነቀው። ምን ይደረግ? ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ጥበቃው ጋሽ ቶላ፣ አንድ አሮጌ ሹፌር፣ እኔ። እኔን የመረጡኝ ከናቷ ጋር በእድር ስለምንተዋወቅ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄድን፣ እዚሁ ቀራንዮ፣ ወይዘሮ አበሩ ቤት። ትርሲት በሩን ከፍታ ሦስት ሽማግሌ ቆሞ ስታይ ደነገጠች።

«ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አለ ጋሽ ቶላ። «እሺ ካላልሽን አንቀመጥም።»

«ምኑን ነው እሺ የምለው?»

ጋሽ ቶላ ከአባቱ ከአያቱ ጀምሮ ተናገረ። የጋሽ ደበበን ክብር፣ የጋሽ ደበበን ዕድሜ፣ የማጽደቅ ፈቃድ ይሰጠው የሚለውን። ትርሲት ሳቋ አመለጣት። «ለሲስተም ነው ሽማግሌ የተላከብኝ? እኔ እኮ ለጋብቻ መስሎኝ ነው የደነገጥኩት!»

እናቷ ከውስጥ ወጣች። «ምን ያስቅሻል አንቺ! ሽማግሌ በር ላይ አቁመሽ ትስቂያለሽ?»

«እማዬ፣ አልናቅኳቸውም እኮ። የሠራ ሰው የራሱን ሥራ አያጽድቅ ነው ያልኩት። ለሳቸውም ነው የሚጠቅመው።»

«ልጄ፣ እሱን እኛ አናውቅም» አለ ጋሽ ቶላ። «እኛ የምናውቀው ሰውየው ምሳ መብላት መተዉን ነው።»

ያን ጊዜ ወደኔ ዞረች። መነጽሯን ከአናቷ አውርዳ አደረገችና አየችኝ። «እርስዎም እማማ? የሦስቱን ቁልፍ ነገር የነገሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ምን አልኳት መሰለሽ ማሂ? «እሱ የእድር ነው ልጄ» አልኳት። «ይሄ ሥራ ነው። ትልቅ ሰው አይከፋ።»

እናቷ ታያታለች፣ እኛ ቆመናል። የጋሽ ቶላ ጉልበት ያመዋል፣ ያለ በትር አይቆምም፣ እሱም ቆሟል። ትርሲት የበሩን መቃን በጣቷ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች። «እሺ» አለች። «ተቀመጡ።» ተቀመጥን። ዳቦ ቀረበ፣ በላን፣ መረቅን። ያስታረቅን መስሎን ደስ ብሎን ወጣን።

ሰኞ ለጋሽ ደበበ ፈቃዱን ሰጠችው። ማክሰኞ ሌላው መጣ፣ «ለሱ ሰጥተሽ ለኔ?» ረቡዕ ሌላው። ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን እምቢ ማለት እንዴት ይሆናል? ይሉኝታ አለ። ሳይቆይ ሰዉ ሁሉ ሁሉን የሚነካ ሆነ። አንድ ቀን ወደ ታክሲ ስንሄድ፣ ማዞሪያውን ስታሻግረኝ ፌስታሌን የምትይዝልኝ እሷ ናት፣ «እማማ፣ ሰሌዳው ተመለሰ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

አንድ አርብ ቀን ሻይዋን አስቀምጬ ቀና ስል ጋሽ ደበበ ስልኩን ይዞ ከፊቷ ቆሟል። ፓስዎርዱ ጠፍቶበታል፣ ሦስተኛ ጊዜው ነው።

«አዲስ ላውጣልዎት፣ ትንሽ ይጠብቁኝ» አለችው።

«መኪናው ሳይት ሊወስደኝ ከታች ቆሟል። ባንቺው ክፈቺልኝና ልሂድ።»

«በኔ ስም አይሆንም ጋሽ ደበበ። የሚያደርጉት ሁሉ እኔ ያደረግኩት ተብሎ ነው የሚጻፈው።»

«ምነው? አላመንሽኝም?»

እሷ እኔን አየች። እኔ ትሪዬን አየሁ። ከዚያ ስልኩን ተቀበለችው፣ የራሷን ከፈተችለት። «ሰኞ ጠዋት ይምጡ፣ እዘጋዋለሁ» አለችው።

«ሰኞ እመልስልሻለሁ፣ ይኸው ዘነበች ምስክር!» ብሎ ሳቀ፤ ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ወጣ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው። ሳይት ላይ ፎቅ እየተሠራ ነበር። ሶሌታው፣ የፎቁ የሲሚንቶ ወለል ማለቴ ነው፣ ከፈሰሰ በኋላ እስኪደርቅ ድረስ ከሥሩ የሚደግፉት ቋሚዎች አሉ፣ ፑንቴሎ ይሏቸዋል። እነሱን ለማንሳት ማጽደቅ ያስፈልጋል። ጋሽ ደበበ ቋሚዎቹን ለሌላው ወገን ፈልጓቸው ኖሮ፣ ደርቋል ብሎ በዚያ በስልኩ ጸድቋል አለው። ሠራተኞቹ አነሱት። የሶሌታው አንድ ጥግ ወረደ። አንድ የቀን ሠራተኛ፣ የሰው ልጅ፣ እግሩ ተሰበረ።

ሲስተሙ ሲከፈት ያጸደቀችው ትርሲት ናት ይላል።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ትርሲት እንደሆነው ተናገረች፣ በኔ ስም ከፍቼላቸው ነበር አለች። ጋሽ ደበበ ካደ። «እኔ ሽማግሌ ሰው፣ ስልክ ማንሳትና መዝጋት ነው የማውቀው» አለ። ያየ ሰው አለ ወይ ተባለች። «እማማ ዘነበች ነበሩ» አለች።

ጠሩኝ። ደረጃው ላይ ጋሽ ደበበ ቆሞ ይጠብቀኛል። በአንድ ሳምንት አሥር ዓመት አርጅቷል። «ዘነቡ» አለኝ፣ «ጡረታዬ ስድስት ወር ቀርቶታል። እዚህ ቤት በማን እንደገባሽ ታውቂያለሽ።» ሌላ ነገር አላለኝም። መንገዱን ለቀቀልኝ።

ገባሁ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፣ ትርሲት ጥግ ላይ ናት። «እማማ፣ ትርሲት ሲስተሙን በጋሽ ደበበ ስልክ ስትከፍት አይተዋል?»

ከወዲህ እሷ አለች፣ ከወዲያ የአራት ልጅ እንጀራ አለ። ከዚያ ለመውጫ የሚሆን አንድ ቀዳዳ ታየኝና ገባሁበት። «እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት» አልኩ፣ «ስለ ሲስተም ምን አውቃለሁ ልጆቼ?»

ፈገግ አሉ። አንዱ «ልክ ናቸው፣ እማማን ምን አደከማችኋቸው» አለ። አመሰገኑኝ። አመሰገኑኝ ማሂ!

ትርሲት አንድ ቃል ብትናገር አበቃልኝ ነበር። ኮምፒውተሩን ከፍታ «ይኸው፣ እኚህ ሴት በየቀኑ እየገቡ የሚጫኑት አረንጓዴ፣ በስማቸው ተደርድሮ» ብትላቸው አበቃልኝ። አላለችም። መነጽሯን ወደ አናቷ ሰቀለችውና በመስኮት ወደ ማዞሪያው አየች።

አባረሯት እንዳትዪ። ቢያባርሯትማ በወጣች። «ጉዳዩ እስኪጣራ» አሏት። አድሚንነቱን ለሌላ ሰጡና ለሷ ማየት ብቻ ተዉላት። ጠዋት ትገባለች፣ ያው ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች፣ ሁሉን ነገር ታያለች፣ ምንም አትነካም። እጇ ይሄዳል፣ አይነካላትም። አንድ ቀን «እዚያ ጋ ተሳስቷል፣ የረቡዕ ሥራ ሐሙስ ላይ ገብቷል» አለች ጮክ ብላ። ማንም ዞሮ አላያትም። ከሷ ጋር ማውራት የፈሩ ይመስላሉ።

ሌላ ቦታ ሥራ አግኝታ ነበር። ክሊራንስ፣ የመልቀቂያ ወረቀት፣ አምጪ አሏት። የእኛ ቢሮ ደግሞ ጉዳዩ ሳይጣራ ክሊራንስ የለም አላት። ጉዳዩ መቼ ይጣራል? ምስክር ሲገኝ። ምስክሯ በቀን ሁለት ጊዜ ሻይ ይዛላት ትመጣለች። እዚያኛው ቤት ጠበቃት፣ ጠበቃት፣ ሌላ ሰው ቀጠረ። ትታው እንዳትሄድ ጥፋተኛ ሆና ጠፋች ይላሉ። ስትታመም እንኳ አትቀርም ነበር። ወጣ እንዳትል፣ ገባ እንዳትል፣ አንድ ዓመት ከምናምን።

እኔ ደግሞ በየቀኑ ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ። መጀመሪያ ጋሽ ደበበ ጡረታውን ይውጣ አልኩ። ወጣ፣ ጋቢ ለብሶ ተሸኘ። ከዚያ ደግሞ እስካሁን የት ነበርሽ ቢሉኝስ አልኩ። ቀኑ በረዘመ ቁጥር በሩ ይጠባል።

ስኒዋን ስሰጣት «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» ትለኛለች፣ በዚያችው በድሮዋ ድምፅ። አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አረንጓዴዬን ልጫን ስል ከኋላዬ መጣች። «ይሄን በየቀኑ ነው የማየው» አለችኝ። «ከዚህ ሁሉ ነገር አንድም ቀን ያልዋሸው እሱ ነው።» ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ወጣ። አፌን ዘጋሁ።

ከዚያ እግሬ እምቢ አለኝና ሥራውን ተውኩ። እሷም አልጋ ያዘች፣ ሆዷን ነው አሉ፣ እኔ አላውቅም። ልጠይቃት ብርቱካን ይዤ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለት ጊዜም ከበሯ ነው የተመለስኩት። ብርቱካኑን የበላሽው አንቺ ነሽ።

እንግዲህ ድንኳኑ ተተከለ። ቀበርናት። በሠልስቱ ቀን ከአስካለ ጋር ሄድን። ንፍሮ ይዞራል፣ ወንዶቹ ድንኳኑ ሥር ናቸው፣ ጋሽ ደበበም ከነጋቢው አለ። ወይዘሮ አበሩ ከውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፣ ሴቶቹ ከበዋታል።

«ነይ ዘነበች፣ ተቀመጪ» አለችኝ።

«አልቀመጥም» አልኩ።

ሴቶቹ ቀና አሉ። «ምነው፣ ቦታ አለ እኮ» አለች አንዷ።

«ያኔ እዚህ በር ላይ ቆሜ ነው ያስገደድኳት። ቆሜ ልናገር።» ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። አርብ ቀን ያየሁትን ተናገርኩ። ስልኩን፣ ሳቁን፣ «ዘነበች ምስክር» ያለውን፣ ደረጃው ላይ ያለኝን። ኮሚቴው ፊት ያልኩትን። ሁሉን። አልጮህኩም፣ ግን ቤቱ ዝም ብሎ ስለነበረ ድንኳኑም ሰማ። ንፍሮ የሚያዞሩት ቆሙ። ከውጭ አንድ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ በኋላ ስወጣ ጋሽ ደበበ የለም።

ወይዘሮ አበሩ «አውቃለሁ» አለች። «ነግራኛለች። እማማ ዘነበች ይናገራሉ፣ ጊዜ ነው የሚፈልጉት ትለኝ ነበር።» ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ጊዜሽን ወሰድሽ። በይ ተቀመጪ፣ እግርሽ ያብጣል።»

ተቀመጥኩ። ንፍሮ ሰጡኝ፣ ያዝኩት እንጂ አልበላሁም።

ስንመለስ አስካለ ከጎኔ ናት። አርባ ዓመት ጎረቤቴ ናት፣ ወሬ ይዛ መቆየት አትችልም፣ የዚያን ቀን ግን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ደጃፌ ስንደርስ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ፊቴን ሳታይ፣ በደህናው ድምፅዋ ተናገረችኝ።

«ነገ ድንኳኑን እንመልሳለን። አንቺ አትድከሚ ዘነበች። ቁልፍሽን በማሂ ላኪልን።»